የሸማኔው አንለይ ተራ

«ተረት ተረት ስል ምን ትላላችሁ?»

«ጆሯችን ክፍት እንላለን።»

እሺ፣ ክፍት ከሆነ ስሙኝ። የአንለይ ተራ መቼ ይደርሳል? ይህን ጥያቄ ውዲቱ የምትባል ሴት ሰባት ዓመት በሆዷ ይዛ ኖረች። ማንንም አልጠየቀችም።

በድሮ ዘመን ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየው ውዲቱ ትፈትላለች፣ ባልየው አንለይ ይሸምናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ውዲቱ ገበያ ትወጣና ጥጥ ትገዛለች፣ ማዶ ካገባችው እህቷም ጋር ትገናኛለች። ያገራቸው ሰው ዕጣ የሚያውቀው በእቁብ ብቻ ነበር። እቁብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የወጣለት ሰው ዕጣው ይነሳል። ከዚያም ለሌላው ይወጣል። የዘገየው ሰው ቢዘገይ ነው እንጂ አይቀርበትም።

አንድ ቅዳሜ አንድ እንግዳ ሰው ትልቅ ቅል ተሸክሞ፣ በቅሎ እየሳበ ገበያ ገባ። ድምፁ ለስላሳ ነው። እንዲህም አለ፦ «አንድ ልቃቂት ፈትል የሰጠኝ ምልክቱን ቅሉ ውስጥ ይጣል። አንድ ምልክት ይወጣል። በቅሎዋ የባለ ምልክቱ ናት።»

ሰው ሰጠና ጣለ። አንዱ የቀንድ ቁራጭ ጣለ፣ አንዱ የተቋጠረ ክር። አንለይ ሦስት ቦታ የተፋቀ መቃ ጣለ። ማንም እንዳይጠራጠር ዕጣውን የሚያወጡት ዓይነ ስውሯ እማማ ዝማም ነበሩ። እጃቸውን ሰደዱና የአንድ ቀጥቃጭ ምልክት አወጡ። ቀጥቃጩ በበቅሎ ቤቱ ገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውየው ሌላ በቅሎ ይዞ መጣ። ከዚያም ሌላ። አንለይም እያንዳንዱን ቅዳሜ ጣለ።

አንለይ እንዲህ ይል ነበር፦ «የወጣላቸው ወጡ። የቀረነው ጥቂቶች ነን። ተራዬ ቀርቧል።»

ውዲቱም እውነት መሰላት። በእቁብ እንዲያ ነዋ። እሱ እንደውም ለበቅሎዋ ግርግም ሠራ። ኮርቻዋ ላይ የሚነጠፍ ቀይና ቢጫ ግላስም ሸመነላት።

የገበያው ሰው ያሾፍበታል፦ «አያ አንለይ፣ በቅሎዋ ዛሬ ምን በላች?»

«ገብስ» ይላል፣ ይስቃል። በሦስተኛው ዓመት መሳቁን ተወ።

ፈትሉ ሁሉ ወደ ቅሉ ሄደና የሚሸመን ጠፋ። ውዲቱ ልቃቂቱን ጎታ ውስጥ ትደብቃለች። እሱ ያገኘዋል። ጓዳ ጣሪያ ላይ ትሰቅላለች። ያገኘዋል። እንቅልፉ ሄደ። ምግብ አስጠላው። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ክር የሚያሳልፍበትን መወርወሪያም አንስቶ መልሶ ያስቀምጠው ጀመር። መድኃኒት አዋቂ አመጡለት። ሰውየው ረቡዕ የእጁን ሥር ዳሰሰና ምንም አላገኘም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሲዳስሰው ሥሩ ይዘል ነበር። ሲወጣ ለውዲቱ፦ «ለዚህ የሚሆን ቅጠል የለኝም» አላት።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ አንለይ እንዲህ አለ፦ «ሰውየውን አነጋግሬዋለሁ። መወርወሪያውንና ዕቃውን ሁሉ ከሰጠሁት አሥር ምልክት እጥላለሁ።»

ውዲቱ፦ «ዕቃው ከሄደ በምን ትሸምናለህ?» አለችው።

«በቅሎ ያለው ሰው ይነግዳል።»

ውዲቱ ተነሳች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ እማማ ዝማም ቤት ሄደች። ደጃፍ ላይ ሽንብራ ሲፈለፍሉ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅሉ ቀለለ?»

«ምን ሆኖ ይቀላል ልጄ?»

«ሰባት ዓመት ሲያወጡለት። ያልወጣለት ጥቂት ሰው የቀረ መስሎኝ።»

አሮጊቷ ሽንብራውን አስቀመጡ። «የወጣለትም በሳምንቱ ልቃቂቱን ይዞ ይመጣል እኮ። ምልክቱ ተመልሶ ይገባል። ያ ቀጥቃጭ ሁለቴ ወጥቶለታል። ቅሉማ ከበደ። ድሮ እጄ እስከ ክርን ይገባ ነበር፣ አሁን ከአንጓዬ አያልፍም።»

«እንግዲያ የአንለይ ተራ?»

«ተራ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። የጣልሽው ዛሬ ቢሆን፣ የዛሬ ሰባት ዓመት ቢሆን፣ ለእጄ አንድ ነው።»

ውዲቱ ቤቷ ገባችና የሰማችውን ነገረችው። 

«ገባኝ» አላት።

ያን ቀን እፎይ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስትነሳ፣ አንለይ መወርወሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የሸማ ዕቃውን ሲፈታ አገኘችው።

«ገብቶኛል ብለህ አልነበር?»

«ገብቶኛል። እግሬ ግን አልገባውም» አላት። እውነቱን ነበር። ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

ውዲቱ አየችው። መደበቅን ሞክራዋለች። መቆጣትን፣ ማልቀስንም ሞክራለች። ጥጥ የምትገዛበት ዘንቢል በሩ ላይ ተሰቅሏል። እህቷ በዚህ ሰዓት መንገድ ጀምራለች።

ዘንቢሉን አወረደችና ወደ ጓዳ መለሰችው።

«በል እግርህን የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ አድርግ» አለችው።

«ምን ልሸምን? ፈትል የለም።»

«እፈትላለሁ። የፈተልኩትን ትሸምናለህ። ገበያው እስኪበተን እዚሁ ነን። በሚመጣው ቅዳሜም። ከዚያ ወዲያም።»

«ጥጥ ማን ይገዛልሽ?»

«እህቴ ትልካለች። ናፍቆት ከያዛት ትመጣለች።»

አንለይ የፈታውን ዕቃ መልሶ አሰረ። ከዚያም ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠና እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ።  ውዲቱ የበቅሎዋን ግላስ ከግርግሙ አነሳች። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አነጠፈችው፣ ተቀመጠችበት፣ እንዝርቷንም አሽከረከረች።

እኩለ ቀን ላይ፦ «ይሄኔ ዕጣው ወጥቶ ይሆን?» አላት።

«ወጥቶ ይሆናል» አለችው። ያንን የሰባት ዓመት ጥያቄም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤
ንፍሮው ወዲህ ይምጣ፣ ከኔ ለምን ራቀ።