ፕላስተር የተለጠፈባት ቀይ መብራት

የወረዳችን አስተዳዳሪ የአቶ ደምመላሽ መኪና በየጠዋቱ አልነሳም ስትል፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ከነከረባታቸው ይገፏት ነበር። እሳቸው ታዲያ ውስጥ ቁጭ ብለው በመስኮት «በርቱ እንጂ!» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ባትሪ አስቀየሩ፤ አንዱም ሳምንት አልቆየም። ጥሩምባ ሲነፉ የፊት መብራቱ ይደክማል፤ የዝናብ መጥረጊያው ሲሠራ ሬዲዮው ጸጥ ይላል።

በመጨረሻ እየተገፉ አንድ ምላሱ የሰላ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ደረሱ። ሰውዬው ገባ ብሎ ሲያይ፣ ከመሪው ኋላ የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ይቺን ማን ሸፈናት?»

«እኔ ነኛ! ፊቴ ላይ ቀይ እያበራች አናደደችኝ።»

ነገሩ ወዲያው ገባው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሞቷል፤ መብራቷም ይህንኑ ስትናገር ከርማለች። ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት አስተዳዳሪው በገፊዎቹ ሁሉ ፊት ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ እውነቱን ተናገር! ዝም ካልክ ጋራዥህን አሽገዋለሁ። እኔ ላይ ከጣልከው ደግሞ አንተኑ አሳስርሃለሁ!»

ሰውዬው እጁን በጨርቅ ጠራረገና አገጩን ዳበስ አደረገ።

«እሺ ጌታዬ፣ እናገራለሁ። ብቻ ምላጭ እስካመጣ ይታገሱኝ።»

«ደግሞ ምላጭ ለምንህ ነው?»

«ጢሜን ልላጭ ነዋ! ከእኔ በፊት እውነቱን የተናገረችው አፏ ላይ ፕላስተር ተለጥፎባታል። የኔው ሲነሳ ጢሜን ይዞብኝ እንዳይሄድ ብዬ ነው።»