የጓንጉል ድንጋይ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አላወራውም። የዛሬው ዋርካ ገና የወፍ ቁርስ ሳለ፣ ስሟን አያቴም በማታውቃት አገር፣ ጓንጉል የሚባል ምላሰ ቅቤ ሰው ይኖር ነበር።

አንድ ቀን ጓንጉል ቀፎ አጭሶ ማር ሲቆርጥ እሳቱ አመለጠውና የአገሩን የጤፍ ክምር በላው። "ማነው ያቃጠለው?" ቢባል፣ "ጎረቤቴ ቢሻው ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አየሁት" ብሎ መስቀል ጨብጦ ማለ። ቢሻው ተባረረ፤ ቆላ ወርዶ በንዳድ እየተንቀጠቀጠ ሞተ። ሚስቱ ይመኙሻል ብቻዋን ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ጓንጉልን አንድ ነገር ያዘው። አባታችን ሆይ ሲደግም፣ "በደላችንንም ይቅር በለን" ከሚለው ሲደርስ ምላሱ እንደ በድን ይተኛል። ቢያስል፣ ውሃ ቢጠጣ፣ ወይ ፍንክች! ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ፈራና ለነፍስ አባቱ ለመምሬ ክንፉ ሁሉንም ተናዘዘ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ማለቱ አያቅተኝም" አሉት መምሬ። "ግን የበደልካት ሴት አለች። እንደ ወጋችን ድንጋይ በጫንቃህ ተሸክመህ፣ በጠራራ ፀሐይ ደጇ ውደቅ። ድንጋዩን የምታወርደው እሷ ናት፤ አንተ አይደለህም።"

"እሺ አባቴ" አለ። ቤቱ ሲገባ ግን "እኔ ጓንጉል አንገቴን ልስበር እንዴ?" ብሎ፣ ትልቅ ባዶ ቅል በጭቃና በአመድ ለስኖ፣ ድንጋይ አስመስሎ ተሸክሞት ወጣ። መንገደኛው "ኧረ ወንድሜ፣ ይከብድሃል!" ይለዋል፤ እሱ በልቡ ይስቃል።

ወንዙን ሲሻገር፣ ከቅሉ ውስጥ፣ ልክ ጆሮው ሥር፣ ብርድ የያዘው ሰው ጥርስ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ቀስ ያለ ድምፅ፣ "ጓንጉል፣ ምን ተሸክመሃል?" አለው።

"ድ... ድንጋይ!" አለ። ቅሉ ከበደ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ጥርሱ እንደገና ተንቀጫቀጨ። "ጓንጉል፣ ምን ተሸክመሃል?"

"ድንጋይ! ድንጋይ ነው አልኩ!" ቅሉ ይብስ ከበደ። ወርውሮ ሊሮጥ ቢሞክር ቅሉ ከጫንቃው ጋር እንደ ሥጋ ተጣብቋል።

የይመኙሻል አጥር ጋ ሲደርስ ወፍ እንኳ ጭጭ ብሎ ነበር። "ጓንጉል፣ ምን ተሸክመሃል?"

"ድንጋይ" አለ እያለቀሰ፤ ከዚያ በእንብርክኩ እየዳኸ ገባ።

ይመኙሻል ደጇ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ቀና ብላ አየችው። "ጓንጉል፣ ምን ተሸክመሃል?" አለችው።

ያው ቃል! ግንባሩን መሬት ደፋ።

"ቅል ነው፣ እመቤቴ። አንቺንም ላታልል ነው የመጣሁት። ክምሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ቢሻውን የገደልኩት የኔ መሐላ ነው። ስለ ክርስቶስ ብለሽ ማሪኝ።"

እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ገብታ በሯን ዘጋች። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ አዘቀዘቀችም። ጓንጉል ከወደቀበት አልተነሣም፤ ትንፋሹ እያጠረ ሄደ።

በሩ ተከፈተ። ዓይኗ ፍም መስሏል።

"ባሌን አትመልስልኝም" አለች።

"አልመልስም።"

"ያባረሩብኝን ሰዎች እያሰብኩ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ 'እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል' ከሚለው ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እኔም ደከመኝ፣ ጓንጉል።"

ጎንበስ ብላ ቅሉን በሁለት እጇ ያዘች። "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ" አለችና አነሣችው። እንደ ላባ ቀለለላት። ከውስጡ "እፎይ" የሚል ትንፋሽ ወጣ። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም የማን ድምፅ እንደሆነ አወቁ።

እሑድ ጓንጉል በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ እውነቱን ለአገሩ ተናገረ። ሰዉ "ቢሻውን ያለ ኃጢአቱ!" እያለ አለቀሰ። ጓንጉልም ቆላ ወርዶ፣ የሦስት ቀን መንገድ፣ የቢሻውን አፅም በጫንቃው አምጥቶ ከአባቶቹ መቃብር አሳረፈው። መምሬ ክንፉ ያን ጊዜ "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉት።

አያቴ ይህን ስትጨርስ እንዲህ ትል ነበር፦ ቅል በጭቃ ቢለሰን ድንጋይ አይሆንም፤ በደል በውሸት ቢሸከሙት አይቀልም።