ብዙ ዓይን ያረፈባት ቁጥቋጦ

ተረቴን ስሙኝ፣ ክፉውን ያርቅላችሁ።

የጥቅምት ነፋስ መንገድ ያሳታት አንዲት ትንሽ ስደተኛ ወፍ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለች ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀች። ክንፏ ዝሏል። መልኳ ቅጠል ስለሚመስል ግን ከላይ የሚዞር አንድ ጭልፊት አላያትም።

በነጋታው ሰዎች የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዘው መጡ። አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ወደ ቁጥቋጦዋ አፈጠጡ።

«እመት ዋኔ፣ ምን አድርጌያቸው ነው እንዲህ የሚያዩኝ?» አለች ወፏ።

የቁጥቋጦዋ ነዋሪ፣ ርግብ መሰሏ ዋኔ ሳቀች። «አንቺ ሞኝ! እንዳንቺ ያለች ወፍ እዚህ ታይታ አታውቅም፤ አንቺን ብለው ነው የመጡት። እኔን አንድም ቀን ዞር ብሎ ያየኝ የለም። በይ ወጥተሽ ታዪላቸው!»

«እፈራለሁ እመት፤ ይቅርብኝ» ብላ ወፏ ወደ ቁጥቋጦዋ ግርጌ ወርዳ ከደረቀ ቅጠል ሥር ተሸጎጠች።

«እንግዲያው እኔ ልታይላቸው» አለችና ዋኔ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ ደረቷን ነፋች።

ጭልፊቱ ከሰማይ ሆኖ ሰዎቹን አየ። «ይህ ሁሉ ሰው የሚያፈጥጥባት ቁጥቋጦ ባዶ አትሆንም» አለና ክንፉን አጥፎ ተወረወረ።

ትንሿ ወፍ አንድ ጩኸት ብቻ ሰማች። ከዚያ አጠገቧ ላባ ወደቀ። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ያዘች።

«አትነሱ» አለ ከሰዎቹ አንዱ፣ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ። «የተወሰደችው ዋኔ ናት። የእኛዋ አሁንም እዚያው ናት።»