ድዳው ሳጥን

አንድ ዝምተኛ ጠጋኝ ነበር፤ አየልኝ ይባላል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ሬዲዮና ኮምፒውተር እየጠገነ ይኖር ነበር። ጠዋት የጠየቁትን የሚመልሰው ከሰዓት በኋላ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ሚስቱ ውዲቱ፣ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣች ሴት፣ ቀልዱን ስትሰማ «ዝም ያለው እየሠራ ስለሆነ ነው» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም።

በዚያች ከተማ ሽማግሌዎች የተጣላ ሲያስታርቁ የፍርዱ ቃል በድምፅ ይቀረጻል። ቅጂው የሚቀመጠው በማዘጋጃ ቤቱ የኋላ ክፍል ባለች፣ የጫማ ካርቶን በምታህል፣ ሰርቨር በምትባል ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከክፍሉ ግድግዳ ማዶ ደግሞ የእትዬ ዘነቡ ወፍጮ አለ።

የሰርቨሩ ዲስክ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ሞተ። በሞተ ቁጥር የስንቱ ሰው እርቅ አብሮት ጠፋ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደመላሽ ዲስኩን እየገዛ የሚተካውን አየልኝን አስጠሩት።

«ርካሽ እየገዛህ ነው። ትልቁን ግዛ፤ ሲሠራ ድምፁ የሚሰማውን።»

አየልኝ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስመጥቶ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጠና ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ወፍጮው ሲነሳ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ተንቀጠቀጠ፤ ወፍጮው ሲቆም ረጋ። የድሮው ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ በሳህኑ ላይ ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት የምትንሳፈፍ አንባቢ ክንድ አለች። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ሲያናውጣት ሳህኑን ትጭራለች፤ የተጫረው ቃል አይመለስም።

እትዬ ዘነቡ ወሬው ደርሷቸው እጃቸው ላይ ዱቄት እንዳለ መጡ።

«አየልኝ፣ ወፍጮዬን ልታስነቅል ነው አሉ። እኔ እኮ ያንተ ሳጥን ሳይወለድ ነው እዚህ የነበርኩት።»

«ወፍጮው ይዙር፣ እትዬ» አለ። «መዞር የሌለበት ዲስኩ ነው።»

ከዋና ከተማ ኤስኤስዲ የሚባሉ ሁለት ዲስኮች አስመጣ። በውስጣቸው የሚዞር ነገር የለም፤ ቃሉን የሚይዙት ቺፕ ላይ ነው። ቀጫጭን ናቸው፤ ሲሠሩ ድምፅ የላቸውም። ሁለቱንም ከሰርቨሩ ውስጥ ጎን ለጎን ገጠማቸው። ውዲቱ በራሷ እጅ ጽሑፍ «ቀኝ»፣ «ግራ» ብላ ወረቀት ለጠፈችባቸው።

«አንዱ አይበቃም?» ስትል ጠየቀችው።

«እነዚህም ቀናቸው ሲደርስ ይሞታሉ። የማይሞት ዕቃ የለም። ግን ሁለቱ ሁልጊዜ የሚጽፉት አንድ ነገር ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው ይናገራል።»

በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

የከተማው ሰው ሳጥኑን «ድዳው» አለው። ቆይቶ ስሙ ወደ ጠጋኙም ተሻገረ። «ድዳው ድዳውን ሊያይ መጣ» ይሉ ነበር። አየልኝ ፈገግ ይልና አቧራውን ጠርጎ ይሄዳል።

በዚያው ዓመት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች በአንዲት ምንጭ ተጣሉ። አባ ገረመው የሚባሉ ሽማግሌ አስታረቋቸው፤ አየልኝም ቃላቸውን ቀረጸ። ከዓመት በኋላ አባ ገረመው አረፉ። ከእሳቸው አራት ወር ቆይቶ አየልኝም አረፈ። ውዲቱ ጥቁር ለበሰች። ቤቱ ድሮም ጸጥታ ነበረው፤ አሁን ግን ጸጥታው ሌላ ዓይነት ሆነባት።

በጋው በረታና ምንጩ ቀጠነ። ላይ ሰፈሮች «አባ ገረመው ውሃውን ለእኛ ነው የፈረዱት» አሉ። ታች ሰፈሮችም ያንኑ አሉ። አንድ ጠዋት ሁለቱም ዱላ ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ገቡ። ከእነሱ መካከል የውዲቱ ወንድም በአንድ በኩል፣ የባሏ ወንድም በሌላ በኩል ቆመው ነበር።

አቶ ደመላሽ በረንዳ ላይ ወጡ።

«ቅጂውን ተዉት። መብራት ሄዶ በኃይል ከተመለሰ ወዲህ ሳጥኑ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት፤ ትንፍሽ አይልም። ሞቷል። ዛሬ ነቅለን የድሮውን እንመልሳለን።»

ውዲቱ ሰዉን እየገፋች ወደ ኋላው ክፍል ገባች። ዘበኛው የሰርቨሩን ገመድ ሊነቅል ጎንበስ እንዳለ ደረሰች።

«አትንካው፣ ወንድሜ።»

«እትዬ ውዲቱ፣ ድምፅ የለውም እኮ።»

«መቼ ድምፅ ነበረው? እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከእንደዚህ ያለ ጋር ኖሬያለሁ። ዝም ሲል ሞተ አይባልም።»

ስክሪኑን አገናኘችና አየች። ቢጫው መብራት ውሸቱን አልነበረም፤ «ቀኝ» ሞቷል። «ግራ» የሚለውን ከፈተች። ስሙ፣ ቀኑ፣ የባለጉዳዮቹ ዝርዝር፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ድምፅ ማጉያውን በመስኮቱ አውጥታ ቅጂውን አስጀመረች።

መጀመሪያ የተሰማው የአባ ገረመው ድምፅ አልነበረም። ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ተሰማ፤ ከዚያ ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረገና «አንድ፣ ሁለት» አለ። «ይሰማል?»

የአየልኝ ድምፅ ነበር። ውዲቱ ወንበሩን ያዘች።

«ይሰማል» አለች፣ ቀስ ብላ።

ቀጥሎ አባ ገረመው ተናገሩ። «ምንጩ የሁለታችሁም ነው። ከንጋት እስከ ቀትር የላይ ሰፈር፤ ከቀትር እስከ ምሽት የታች ሰፈር። ዱላ ይዞ የመጣ ከሁሉም በኋላ ይቅዳ። ስሞት እንዲህ አላለም እንዳትሉኝ።»

ዱላ የያዙት እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ዱላውን ከጀርባው ደበቀ፤ ሌላው አየውና ሳቀ፤ ሳቁ ግቢውን ሁሉ ያዘው። አቶ ደመላሽ ግን «አንዴ ሠራ ማለት ያዛልቃል ማለት አይደለም» አሉ። ይሄኔ እትዬ ዘነቡ ሄደው ወፍጮውን አስነሱት። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንጫጫ። ውዲቱ ቅጂውን እንደገና አስጀመረችው፤ አባ ገረመው ግን አንድ ቃል ሳይዘልሉ ፍርዳቸውን ደገሙት። በዚያ ቀን ቀትር ላይ የታች ሰፈር ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ሲሄዱ መንገድ የለቀቁላቸው የላይ ሰፈሮች ነበሩ።

በሳምንቱ አዲስ ኤስኤስዲ መጣ። «ግራ» የያዘውን ሁሉ ለአዲሱ ሲገለብጥ ውዲቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። እትዬ ዘነቡ በር ላይ ቆመው አዩ።

«ለእሱስ አጣማሪ አገኘሽለት። ለራስሽስ?»

«ዲስክ ነው የሚተካው፣ እትዬ ዘነቡ።»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሦስተኛ ቅጂ እያወጣች ቤቷ ትወስዳለች፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቢቃጠልስ ብላ። «ድዳው» የሚለው ስም አልጠፋም። አሁን ግን የከተማው ሰው የሚታመን ሰው ሲያጋጥመው ነው «ድዳው ነው» የሚለው።

ወዳጆቼ፣ የሚንጫጫው ሁሉ እየሠራ አይደለም፤ ዝም ያለውም ሁሉ አልሞተም። የምንወደውን ቃል ለአንድ ዕቃ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ትዝታም ብቻ ማስረከብ ግን ለመጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው። የሚኖረው ሁለት ሆነው ሲይዙት፣ አንዱ ሲሄድ የቀረው ሲናገርለት ነው። እናንተስ እንዳይጠፋ የምትፈልጉትን ቃል ለማን አስይዛችኋል? እሱ ቢሄድ የሚናገረውስ ማን ነው?