ዝም ያለው ሞተር

አንድ አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ነበረ። ቁጭ በልና ስማኝ፤ የጠየቅከኝን አልዘነጋሁም። ልጅህ አንተ የመረጥክላትን ሰው አላገባም ብላ ሁዳዴን ሙሉ ስትከራከርህ ከረመች። አንድ ቀን «ከእንግዲህ አንድ ቃል ብታወጪ ረግሜሻለሁ» አልካት፤ ከዚያ ወዲህ ቤትህ ረጭ አለ። አሁን መጥተህ «አባ፣ ጭቅጭቅ ከጠፋ ሰላም ሆነ ማለት አይደለም ወይ?» ትለኛለህ። መልሴ ረዘም ይላል። እኔ ለሞተር ባዳ ነኝ፣ ዕድሜዬን በበቅሎ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ታሪኩን ግን ሰውየው ራሱ ሰው በተሰበሰበበት፣ ተዝካር ቤት የተናገረው ነውና ምስጢር አወጣ ብለህ እንዳታማኝ።

ሰውየው ገበሬ ነበር፤ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። መንደሩ ከጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ይርቃል። መሃል ላይ ደግሞ አህያ እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት አቀበት አለ። የመጀመሪያ ልጁ የሞተው እዚያ አቀበት ላይ ነው። ሚስቱን አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ ምጡ መንገድ ላይ በረታ፤ ሕፃኑ ይህችን ዓለም አንዴ እንኳ ሳይተነፍስባት ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ሽንኩርቱ ዋጋ ሲያወጣለት ጎረቤቶቹ የሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ ያለብሳል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ከተማ ወርዶ ሞተር ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ እንደገና ፀንሳ ነበር። ሁለተኛ በቃሬዛ አትሄጂም አላት። ሞተሩ የተገዛው ለዚህ ነው፤ ይህን ያዝልኝ።

ሞተሩ ቀይ ነበር፣ የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ነገር ግን ሲነሣ ከሆዱ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጮክ ያለ አይደለም፤ ጎረቤት ቤት የልብስ ስፌት መኪና ሲሠራ የምትሰማውን ዓይነት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ልብም አላለውም። ልብ ያስባሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። በገበያ ቀን ዋርካው ሥር ከሚቀመጡት አንዱ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው፣ ድምፁን ሰምቶ «ልብስ ሰፊው መጣ» አለ። በሳምንቱ ሌላው የተቀደደ ሱሪ ይዞ ጠበቀውና ለነገ ይደርስልኛል ወይ ብሎ ጠየቀው። ወሩ ሳያልቅ ሰዉ ሁሉ ስሙን ትቶ «ሰፊው» ይለው ጀመር።

ሰው ረሃብ ይችላል፤ ሲስቁበት ግን አይችልም። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ሞተሩ ጠፍቶ ደጅ ቆሞ ሳለ እንኳ ጆሮው ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይልበታል። ሲነጋ ከተማ ወረደና አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ሞተሩን አስነሣ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ አጠፋውና ነገሩን በዝግታ አስረዳው። ሞተሩ ውስጥ ቫልቭ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ በሮች አሉ፤ በአንደኛው ቤንዚንና አየር ይገባል፣ በሌላው ጢሱ ይወጣል። በሮቹን እየገፋ የሚከፍታቸው ክንድ አለ። በክንዱና በበሩ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ሆን ተብሎ ይተዋል። ብረት ሲግል ይረዝማልና ያቺ ክፍተት ከሌለች በሩ ገርበብ እንዳለ ይቀራል፤ በዚያ በኩል እሳት ይሾልካል። ጠቅ ጠቅ የሚለው ክንዱ ያቺን ክፍተት ተሻግሮ በሩን ሲነካው ነው።

«ይህ ድምፅ ጤናው ነው» አለው። «ዝም ያለ ቀን አምጣልኝ።»

ሰውየው ተናደደ። እንዲህ ብሎ የሚመልስ መካኒክ ወይ ሥራ ጠልቷል ወይ ጃጅቷል አለ በልቡ። መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ጋራዥ ገባ። የዚያኛው ጋራዥ ባለቤት እጁ ፈጣን፣ ደንበኛ ማስቀየም የማይወድ ሰው ነበር። ምን ላድርግልህ አለው፤ ዝም አሰኝልኝ አለው። ክፋት የነበረበት እንዳይመስልህ፣ የተጠየቀውን ነው የሠራው። በካቻቢቴና በቁልፍ ያቺን ክፍተት አጥብቆ ዘጋት። ሰውየው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሞተሩ ተነሣ፤ ጠቅ ጠቁ የለም።

ያን ቀን ገበያውን መሃል ለመሃል ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት፤ የሚገዛው ነገር ግን አልነበረውም። ዋርካው ሥር ያሉት ቀና ብለው አዩትና የሚሉት አጡ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ከጓዳ ጠርቶ «ስሚው እስቲ» አላት። «ምንም አይሰማም» አለችው። «እሱን እኮ ነው የምልሽ» አላት።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ሞተሩ መናገሩን ፈጽሞ የተወ አልነበረም። ሲሞቅ አልነሣም እያለ ያንገራግራል። ዳገት ላይ ይዝላል፤ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን በአንደኛ እየተንፏቀቀ ይጨርሰዋል። ሰውየው ቤንዚኑ ነው አለና ነዳጅ የሚገዛበትን ቦታ ቀየረ። አልሆነም። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ነው አለና አዲስ ካንዴላ ገዛ። አሁንም አልሆነም። ያ ሽማግሌ ትዝ ብሎህ አያውቅም ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ትዝ ብሎታል። ነገር ግን ተመልሶ ቢሄድ ሽማግሌው መጀመሪያ የሚያደርገው ያቺን ክፍተት መክፈት ነው፤ ያን ጊዜ «ሰፊው» የሚለው ስምም አብሮ ይመለሳል። ሰው በደከመ ሞተር አይስቅም፣ በሚሰማ ሞተር ግን ይስቃል። ስለዚህ ዝም ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።

ሚስቱ ከኋላው ተቀምጣ ስትሄድ ነገሩ ገብቷት ነበር። ይህ ነገር ከብዶታልና ለመካኒክ ብታሳየው ይሻላል አለችው አንድ ሁለቴ። አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ ብሎ በሰው ፊት አሳፈራት። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩም ስለ ሌላውም ነገር ማውራት ቀነሰች። እሱ ይህንንም እንደ በረከት ቆጠረው።

ምጡ የመጣው በኅዳር፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ ነው። ጎረቤቶቹ ለማንኛውም ቃሬዛ እናዘጋጅ ሲሉት ሳቀባቸው። ሚስቱን ከኋላው አስቀመጠና በነጠላ ወገቧን ከወገቡ ጋር አስሮ ወጣ። ሜዳውን በደህና አለፉት። በየጉድጓዱ ስታቃስት አይዞሽ ደርሰናል ይላታል። አቀበቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ትንፋሽ አጠረው፣ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈ፣ ቆመ።

ሰውየው አሁንም አልደነገጠም፤ ሞተሩ አዲስ ነዋ። ሚስቱን ፈትቶ አንድ ግራር ጥላ ሥር አስቀመጣትና ጀርባውን ሰጥቷት ሥራ ጀመረ። ታንከሩን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን አለ። ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጠረገ፣ ብልጭታውን አየ፣ መልሶ አሰረው። የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ ነፋበት፤ ንጹሕ ነው። የማስነሻውን ፔዳል ረገጠ። ፔዳሉ በደህናው ጊዜ እግርን መልሶ የሚገፋ ነበር፤ አሁን ግን እንደ ባዶ ከረጢት ልፍስፍስ ብሎ ወረደ። ደግሞ ረገጠው። ያው ነው። ውስጡ ምን እንደሆነ ለመስማት ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠጋ። ከኋላው ግን ሚስቱ ትጮኻለች፤ ጩኸቷ አላሰማው አለ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ዝም በይ፣ ላዳምጠው» አላት።

ዝም አለች።

እሱ ያዳምጣል። ፔዳሉን በእጁ ቀስ አድርጎ ይጫነዋል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይጫነዋል። ምን ያህል እንደቆየ ዛሬም አያውቀውም። ከዚያ ከታች የአጫጆቹ ዘፈን ጆሮው ገባ። ወፍ ሰማ። ነፋሱ ግራሩን ሲያንሿሿው ሰማ። ይህን ሁሉ እየሰማ እሷን እንደማይሰማት ያን ጊዜ ገባው። ዞረ። ግንዱን ተደግፋ ዓይኗ ገርበብ ብሏል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። የተቀመጠችበት አፈር ርሷል፤ እርጥበቱም ቀይ ነው።

ሰውየው ክው ብሎ ቀረ። ከተጋቡ ጀምሮ «አንቺ» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር። «ደብሪቱ» አላት። ትከሻዋን ይዞ «ደብሪቱ፣ ጩኺ» አላት። «በናትሽ ጩኺ፤ ስደቢኝ፣ የፈለግሽውን በይኝ።» ድምፅ ለማጥፋት ከተማ ድረስ የወረደ ሰው አቀበት ላይ ተንበርክኮ አንዲት ድምፅ ይለምን ነበር። እሷ ግን የምትሰጠው ድምፅ አልነበራትም። በመጨረሻ ራሱ ጮኸ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው ወጡ። ሁለት እንጨት ቆርጠው፣ ጋቢ አስረውበት፣ ያቺኑ ቃሬዛ ሠሩ። ተሸክመዋት ሮጡ፤ ሞተሩ እዚያው ቀረ። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አዋላጇ ዝም ካለች ስንት ጊዜ ሆናት ብላ ጠየቀችው። «የምትጮኸዋን ቆይ እንላታለን» አለችው እየሮጠች። «እኛን የምታስደነግጠን ዝም ያለችዋ ናት።»

ሚስቱ ተረፈች። ሕፃኗ አልተረፈችም።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል ያ ሱሪ ይዞ የጠበቀው ሰው ነበረበት። ከልቡ አለቀሰ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ባለ ሞተሩ አጠገቡ ተቀምጦ ያ ድምፅ ባይጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለው። ያኛው ዓይኑን ጠርጎ «የትኛው ድምፅ?» ብሎ ጠየቀው። ረስቶታል። ሰውየው ይህን ሲነግረን፣ አቀበቱ ላይ ከደነገጥኩት ይልቅ ያን ጊዜ ደነገጥኩ አለን። ልጁን የከፈለበትን ሳቅ፣ የሳቁት ሰዎች አንዱም አላስታወሱትም።

ከአርባ ቀን በኋላ ሞተሩን በጋሪ ጭኖ ሽማግሌው መካኒክ ዘንድ ወሰደው። ሽማግሌው የላይኛውን ክዳን ፈትቶ ቫልቩን አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ጠርዙ አይጥ እንደበላው ቂጣ ተቦድሷል፤ እሳት ነው የበላው። ሰውየው አገላብጦ አየው። ይህን ያህል ሲቃጠል እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም አለ።

«ከተገዛ ቀን ጀምሮ ሲነግርህ ነበር» አለው ሽማግሌው። «አፉን ያስዘጋኸው አንተ ነህ።»

ምሳሌው ይኸው ነው። ሞኝ አይደለህምና ፈቺ አያሻህም፤ ግን ሳትሰማው እንዳትሄድ ልፍታልህ። ሞተሩ ቤትህ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚለው የልጅህ ክርክር ነው። ያቺን የፀጉር ያህል ክፍተት በአባትና በልጅ መካከል የተዋት እግዚአብሔር ነው፤ ቤት በሚግልበት ቀን መፈናፈኛ እንድትሆን። አንተ በእርግማን አጥብቀህ ዘጋሃት። የዘጋሃትም ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው፤ ልጅህን ለማጨት ሽማግሌ የላከብህን ሰው ፈርተህ፣ ነገ የሚረሳህን ሰው አፍረህ። ድምፁ ጠፋልህ፤ እሳቱ ግን ወዴት እንደገባ አልጠየቅህም። ጭቅጭቅ ከጠፋ ሰላም አይደለም ወይ ላልከኝ፣ አይደለም ልጄ። ሰላም ያለበት ቤት ሰው ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይከራከራል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ልጅህ ከዚያ ቀን ወዲህ ምን ትላለች? «እሺ» ብቻ ነው አልክ? መልካም። ዛሬ ጠዋት ስትወጣስ ምን ስታደርግ ተውካት?

ምን አልከኝ? እስቲ ድገመው። የጥምቀት ቀሚሷን ለታናሽ እህቷ ሰጠች? ደብተሮቿን ለጎረቤት ልጆች አከፋፈለች? አንተም ደግ ሆነችልኝ ብለህ ደስ አለህ?

ይህን ስትገባ ብትነግረኝ ኖሮ ምሳሌ አላወራህም ነበር። ለሠርግ የምትዘጋጅ ልጅ ልብስ ትሰበስባለች እንጂ ታከፋፍላለች? ይህ ከሕይወት የሚሰናበት ሰው ሥራ ነው። ተነሥ። መስቀሉን ሌላ ቀን ትሳለማለህ፤ ጋቢህንም ተወው። ቤት ስትደርስ እርግማኔን አንሥቻለሁ፣ ሠርጉም ቀርቷል በላት። ከጮኸችብህ፣ ከሰደበችህ፣ ነገ አብረን መጥተን እናመሰግናለን። ዝም ካለችህ ግን ከአጠገቧ እንዳትነሣ። እኔ በትሬን ይዤ ከኋላህ እመጣለሁ፤ አንተ ሩጥ።