ለአሳቂው የተነፈገ መቃብር

አንድ ተዋናይ ነበር፤ በድሮ ዘመን፣ በፈረንሳይ አገር። ኮሜዲ ይጽፋል፤ የጻፈውን ራሱ ይጫወታል። ጻድቅ መሳዩን አስመሳይ፣ በማያውቀው መድኃኒት ሰው የሚገድለውን ሐኪም መድረክ ላይ አውጥቶ ያሳያል። ንጉሡ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር።

በዚያ አገር ግን አንድ ልማድ አለ። ተዋናይ ከመሞቱ በፊት «በሙያዬ ተጸጽቻለሁ» ብሎ ካልፈረመ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም።

አንድ ቀን የበሽተኛ ሚና ሲጫወት ሳል ያዘው። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሲስል የወጣውን ደም በመሐረብ ጠርጎ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ቤቱ እንደገባ ሞተ። ለመፈረም ጊዜ አላገኘም።

መድረክ ላይ አብራው የምትጫወተው ሚስቱ ክሎቲልድ ወደ ደብሩ አለቃ ሄደች። አለቃው ወረቀት ገፋ አደረጉላት።

«ልጄ፣ ልረዳሽ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት ተጸጽቷል ብለሽ ፈርሚ።»

«አልተጸጸተማ፣ አባ።»

«አውቃለሁ። እሱ እንደሆነ ሞቷል፤ አይቃወምሽም።»

«እርስዎስ ተጸጽተዋል?»

«እኔ ደግሞ በምኑ?»

«በመሳቅዎ። ከምሰሶ ጀርባ ተቀምጠው፣ ቆብዎን አፍዎ ላይ ይዘው ሲንፈቀፈቁ ከመድረክ እናይዎት ነበር። ባሌ ‹አባ ዛሬም መጡልን› እያለ ደስ ይለው ነበር።»

አለቃው ፊታቸው ቀላ። ወረቀቱን ሰበሰቡ። «እንግዲያው ከከተማ ውጭ፣ ውሻ ከሚጣልበት ይቀበራላ» አሉ።

ክሎቲልድ ሬሳውን ቤት ትታ ሁለት ቀን ቤተ መንግሥት ደጅ ጠናች። በሦስተኛው ቀን የንጉሡ መልእክተኛ ወጣ።

«በቅጥሩ ውስጥ ይቀበር ተብሏል። ደወል ግን አይደወልም፣ ፍትሐት አይኖርም፣ ከቤተ መንግሥትም ማንም አይመጣም። እግዜር ይስጥልኝ በይ እንጂ፤ ብዙ ነው ያደረጉልሽ።»

«ብዙ ነው» አለች። «ንጉሡ ሲስቁ ግን እንዲህ ተደብቀው አልነበረም።»

ባሏን ቀበረችው። ከጉድጓዱ ዳር የቆሙት ጓደኞቹ ተዋንያን፣ ሻማ ለኳሹና ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበሩ። ፊት ወንበር ይይዙ ከነበሩት አንድም አልመጣም። ክሎቲልድ ግን ሳትዋሽ ቀበረችው።

በሰው ሥራ እየተደሰቱ ሠሪውን መጠየፍ ሌብነት ነው። ሳቁ ንጹሕ ከነበረ አሳቂው በምን ረከሰ? እኛም ብንሆን በሠርጋችን ለዘፈነልን አጨብጭበን፣ በማግስቱ ልጃችንን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ «ዘፋኝ ለልጄ?» ብለን በር የዘጋን አለን። ለመሆኑ ስንቱን ሰው ነው በእጁ ሥራ ተደስተን እጁን ለመጨበጥ ያፈርነው?