የአስተዳዳሪው ኩታ

ሃያ ዓመት አፍሬ የደበቅሁትን ልናገር። የወረዳችን አስተዳዳሪ ከየቤቱ ኩታ አሰባስበው፣ ምስላቸው በዚያ ጨርቅ ተሠርቶ አደባባይ እንዲሰቀል አዘዙ። ንድፉን ያወጣሁት እኔ የሥዕል መምህርቷ ነበርሁ፤ የሰፋው አንድ ሸማኔ ነው። በምስሉ ላይ የኩታቸውን ጥለት ሆን ብዬ እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገታቸው አዞርሁት።

በምርቃቱ ዕለት አስተዳዳሪው ይህን አይተው ሸማኔውን አስጠሩት።

«የለቅሶ አለባበስ አለበስኸኝ፤ ማን ሞቶብኝ ነው? ያዘዘህን ሰው ካልተናገርህ ትታሰራለህ» አሉት።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

«እርስዎማ ማን ሞቶብዎት፣ ጌታዬ። ኩታው የአገሬው ነው፤ አገሬው ደግሞ እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ ጥለቱን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅም።»